በማን ቆጣሪ ይቆጠር?

ደብረ ብርሃን የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ እንኖራለን፤ የመብራት ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ወሩ ሲያልቅ አከራያችን ሒሳቡን ይዘው ይመጡና በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን እንካፈላለን፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግር ይህን ያህል፣ ቴሌቪዥን ያለው ይህን ያህል፣ አምፖል ብቻ የሚያበራ ይህን ያህል እየተባለ። እኔ በወረዳ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ ወረቀቱና ብዕሩ ዘወትር የሚሰጠው ለእኔ ነው። ባለፈው ወር እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ ከጎረቤቶቼ አንዱ የሕዝብ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ማስኬጃ ገንዘብ ከመብራት ሒሳብ ጋር ተደምሮ ይሰብሰብ የሚል ሐሳብ መስማቱን አነሣ። ጥግ ያለችውን ክፍል የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ እኔኮ ቴሌቪዥን የለኝም። የማየውን ሁሉ በስልኬ ነው የማየው፤ ያውም በገዛ ካርዴ። ታዲያ ለምን ብዬ ነው የምከፍለው?» ስትል ጠየቀችኝ።

በዚያች ሰዓት አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሰንብቻለሁ። ጥያቄዋ ከእኛ የበለጸጉ አገሮችም ገና ያልተስማሙበት ጥያቄ ነው፤ እኔም የደረስሁበትን በጽሑፍ ማስቀመጥ ይገባኛል ብዬ አምናለሁ።

የቀድሞው ስሌት ቀላል ነበር፤ ክፍያው የሚታሰበው በዕቃው ነበር። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራቸው አጎቴ ብቻ ነበሩ፤ ማታ ማታ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጫማውን ደጃፍ ላይ እያወለቀ ምንጣፉ ላይ ይኮለኮላል። አጎቴ የቴሌቪዥኑን ዓመታዊ ክፍያ የከፈሉበትን ደረሰኝ ከቤቱ ግብር ደረሰኝ ጋር አጣጥፈው በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያኖሩ ነበር። ዕቃው ያለው ይከፍላል፣ የሌለው አይከፍልም፤ የሚያከራክር ነገር አልነበረውም። እንግሊዞችም የጀመሩት በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ሬዲዮ ያለው ሰው በዓመት 10 ሺሊንግ እንዲከፍል ተወሰነ፤ በ1946 ደግሞ የቴሌቪዥን ፈቃድ በ2 ፓውንድ ተጀመረ። ያው ፈቃድ በ2025 174.50 ፓውንድ ደርሷል። ከ2016 ጀምሮ የቢቢሲን ዝግጅት በኢንተርኔት የሚያይ ሰውም እንዲከፍል ተደርጓል፤ ሆኖም የቀጥታ ሥርጭትም ሆነ የቢቢሲን ዝግጅት ሳያይ በኔትፍሊክስ ፊልም ብቻ የሚያይ ቤተሰብ በሕግ አይገደድም። የእኛ ግቢ ተማሪ ጥያቄ ለንደንም ውስጥ እየተጠየቀ ነው ማለት ነው። ቢቢሲ የሚተዳደርበት ቻርተር በ2027 ማብቂያ ላይ ጊዜው ስለሚያልፍ፣ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በምን መንገድ ይሰብሰብ የሚለው ክርክር ከወዲሁ ተከፍቷል።

ክፍያን ከዕቃ ጋር ማሰር ሕዝቡ ካልተቀበለው ምን እንደሚያስከትል ደቡብ አፍሪካ በግልጽ አሳይታለች። እዚያ የቴሌቪዥን ፈቃድ በዓመት 265 ራንድ ነው፤ ነገር ግን መክፈል ከሚገባቸው ሰዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል አይከፍሉም። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የሕዝብ ጣቢያዋን የወር ክፍያ፣ 2,500 ዎን፣ ከመብራት ሒሳብ ጋር ስትሰበስብ ቆየች፤ ገንዘቡም በሚገባ ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ በ2023 መንግሥት ባወጣው ድንጋጌ ክፍያው ከመብራት ሒሳቡ እንዲነጠል ሲደረግ፣ ጣቢያው ሲደገፍበት የኖረው ምርኩዝ በአንድ ፊርማ ሊወሰድ የሚችል እንደ ነበር ታየ።

ወደ እኛ ቆጣሪ ስመለስ፣ በመብራት ሒሳብ መሰብሰብ ለሰብሳቢው ምቹ ቢሆንም ለከፋዩ ፍትሐዊ ሆኖ አይታየኝም። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚኖርበት ግቢ አንዱ ክፍያ ለአምስት ቤተሰብ ይከፋፈላል፤ ለብቻዋ በአንዲት ክፍል ውስጥ የምትኖር መበለት የራሷ ቆጣሪ ካላት ግን ሙሉውን ትከፍላለች። ከከተማ ወጣ ሲባል ደግሞ ቆጣሪ የሚባል ነገር የሌለበት ቀበሌ ብዙ ነው። በዚያ ያሉ ሰዎች ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ በዚህ ስሌት ግን ከፋይም፣ ተጠያቂም፣ ጠያቂም ሳይሆኑ ይቀራሉ።

ሁለተኛው መንገድ በጀት ነው። ይህኛውን በቅርብ አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። ከዓመታዊ በጀት የሚኖር መሥሪያ ቤት ሐምሌ 1 ቀንን የሚቀበለው በተስፋም በሥጋትም ነው። ባለፈው ዓመት የተሰጠው ዘንድሮ ይሰጠው እንደሆነ የሚያውቀው የበጀቱ ባለቤት ብቻ ነው። ቅነሳ ሲመጣ «ለምን ተቀነሰብን?» ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቅ፤ የሚመጣውን ዓመት ያስባላ። ይህ ለመንገድ ሥራ ወይም ለችግኝ ጣቢያ የሚያስቸግር ቢሆንም ይቻላል። መንግሥትን መጠየቅ ሥራው ለሆነ ጋዜጠኛ ግን ድምፅን ዝቅ ማድረግ ሥራውን መተው ነው። ሰዉ በዕለት ተዕለት አነጋገሩ «የመንግሥት ቴሌቪዥን» ይላል እንጂ «የሕዝብ ቴሌቪዥን» ሲል የሰማሁት የለም። በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሆኗል፤ በወረቀቱ ላይ ባለቤቱ ሕዝብ ነው። የሰዉ አንደበት ግን ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ አይቶ ስሙን አውጥቶለታል።

አባቴ የሚኖሩት መንዝ ነው። በድንጋይ በተሠራው ቤታቸው መስኮት ላይ አንዲት አጭር ሞገድ የምትይዝ ሬዲዮ አለቻቸው፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ከግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ፀሐይ ያስመቱትና ሁለትና ሦስት ቀን ደግሞ ያሠሩታል። ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ዶይቸ ቬለን፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን የአሜሪካ ድምፅን ይከፍቱ ነበር፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ራት ይበላ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 አንድ ቀን ማለዳ ስልክ ደወሉልኝና፣ «ልጄ፣ ሬዲዮኔ ግራ አጋባችኝ። የጀርመኑ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የአሜሪካው ግን ማሾክሾክ ብቻ ሆነብኝ። ድንጋዩን ሁለት ጊዜ ፀሐይ አስመታሁት፤ ወይ ፍንክች» አሉኝ። ሬዲዮዋ አልተበላሸችም ነበር። በዋሽንግተን የወጣ አንድ ትእዛዝ ሠራተኞቹን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ከሥራ አግልሎ ጣቢያውን ጸጥ አሰኝቶት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በየምሽቱ በአማርኛ ሲናገር የኖረ ድምፅ ነው እንዲህ ድንገት የቆመው።

አባቴን ለማስረዳት የተቸገርሁት የትእዛዙን ምክንያት አልነበረም። እሳቸው የጠየቁኝ፣ «እኛ አዳማጮቹ ምነው ሳንጠየቅ?» ብለው ነው። መልሱ አጭር ነበር፤ ስላልከፈልን ነው። የአሜሪካ ድምፅ የሚከፈለው በአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው፤ ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው ዶይቸ ቬለም የሚኖረው ከጀርመን ፌዴራል በጀት ነው። አባቴ ለሁለቱም አንድ ሳንቲም ከፍለው አያውቁም። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል፤ የሁለቱን ጣቢያዎች ውለታ ግን አልክድም፤ በክፉ ቀን ወሬ የሰማነው ከእነሱ ነው። ሆኖም የመንዝ ሰው ማታ የሚሰማው ዜና ይቀጥል ወይም ይቋረጥ የሚለው ውሳኔ በሌላ አገር ምክር ቤት ወይም ቤተ መንግሥት ሲወሰን መኖሩ ሊያሳስበን ይገባል።

አሜሪካኖቹ በራሳቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም ላይ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ኮንግረሱ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድጋፍ ለሁለት ዓመት አጽድቆት የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ሰረዘው። የከተማው ትልቅ ጣቢያ አድማጮቹን ለምኖ ይኖር ይሆናል፤ በዚህ የበለጠ የተጎዱት ከገቢያቸው ትልቁን ክፍል ከዚያ ገንዘብ ያገኙ የነበሩ የገጠር ትንንሽ ጣቢያዎች ናቸው። በግሪክም በጁን 2013 መንግሥት የሕዝቡን ጣቢያ በአንድ ሌሊት ዘግቶ፣ ሥርጭቱ በዚያው ምሽት ጠቁሮ ነበር፤ ጣቢያው የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የግሪኩ ጣቢያ ክፍያ የሚሰበሰበው በመብራት ሒሳብ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ በቀጥታ መክፈሉ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ ተምሬአለሁ፤ የተከፈለው ገንዘብ ከማን ደጅ ይደርሳል፣ መዝጊያውስ በማን እጅ ነው የሚለው እኩል ክብደት አለው።

ስለ ማስታወቂያ ብዙ አልልም። በከተማችን ሁለት ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች አሉ፤ ሐበሻና ዳሽን። በአንድ ወቅት የበዓል ዝግጅት በቢራ ድርጅት ድጋፍ ሳይታጀብ አይቀርብም ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅን ሲከለክል ያ ሁሉ ገንዘብ ከጣቢያዎቹ ራቀ። ሕጉ ለጤና የወጣ መልካም ሕግ ነው፤ ጣቢያን በአስተዋዋቂ ትከሻ ላይ ማቆም ምን ያህል የማያስተማምን እንደሆነ ግን በዚያ ዓመት በዓይናችን አየን።

የቀረው ማስታወቂያ ደግሞ ዛሬ የሚሄደው ወደ ዩቲዩብና ወደ ቲክቶክ ነው። በዚያ ዓለም የሚከፈለው በተመልካች ቁጥር ስለሆነ፣ ርዕሱ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ ቪዲዮ ያተርፋል። በመንዝ ባቄላው በውርጭ ተመትቶ ገበሬው ዘር ሊያጣ ነው የሚል ዘገባ ስንት ሰው ይከፍተዋል? ያንን ዘገባ የሚሠራው ጋዜጠኛ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ያን የኮረኮንች መንገድ ይሄዳል፣ ያድራል፣ ገበሬውንም የግብርና ባለሙያውንም ያነጋግራል። ወጪው ከአንድ የስቱዲዮ ወሬ ይልቅ ብዙ እጥፍ ነው፤ በዩቲዩብ የሚያገኘው ገቢ ግን የመኪናውን ነዳጅ እንኳ አይችልም። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአማርኛ ብቻ ሳይወሰን በአዊኛ፣ በኽምጣና በአፋን ኦሮሞም ያሰራጫል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተናጋሪዎቻቸው ጥቂት ስለሆኑ በተመልካች ብዛት የሚከፍል ገበያ ፈጽሞ አይመለከታቸውም። እኔ የሕዝብ ጣቢያ ያስፈልጋል የምለው ገበያ ሊሠራው የማይችለው ይህን የመሰለ ሥራ ስላለ ነው።

«ታዲያ ሁሉም ነገር ወደ ስልክ ከሄደ፣ ማሠራጫ ጣቢያውና አንቴናው ለምን ይቀጥላል?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለእነሱ የምሰጠው መልስ ከራሳችን ኑሮ የመጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ዩቲዩብም ቴሌግራምም አልነበረም፤ የቀረልን ዲሽና ሬዲዮ ነበር። አንዲት የገበያ ቀን የባትሪ ድንጋይ የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰልፎ አይቻለሁ፤ ከተሰለፉት ውስጥ ዘመናዊ ስልክ በኪሳቸው የያዙ ወጣቶች ነበሩበት። ገመዱ በአንድ ቦታ ሲቆረጥ አገር ሁሉ የሚደነቁርበትን ሥርዓት ብቻ ይዞ መቅረት ትልቅ ስሕተት ነው። ስለዚህ በስትሪሚንግ፣ ማለትም ዝግጅትን በኢንተርኔት በሚያዩበት ዘመን የሚሰበሰብ ገንዘብ ለስትሪሚንግ ብቻ የሚውል መሆን የለበትም፤ የሬዲዮው አንቴናም ከእርሱ ይጠገናል።

አሁን ማን ይክፈል ወደሚለው ልምጣ።

ብዙ የአውሮፓ አገሮች ክፍያውን ከዕቃው ላይ አንሥተው ወደ ሰውየው ወይም ወደ ቤተሰቡ አዙረዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቴሌቪዥን ይኑረው አይኑረው ሳትጠይቅ በየቤተሰቡ ታስከፍላለች፤ ከ2021 ወዲህ መጠኑ በወር 18.36 ዩሮ ነው። ፊንላንድ በዚያው በ2013 ዓመት እንደ ገቢው መጠን የሚታሰብ ግብር አደረገችው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው አይከፍልም። ስዊድን በ2019 ተመሳሳይ መንገድ ያዘች። ከእነዚህ ሁሉ ዘወትር የሚደንቀኝ የጀርመኑ አሠራር ነው። ጣቢያዎቹ የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ አስልቶ የሚያቀርብ 16 ባለሙያዎች ያሉበት ነጻ ኮሚሽን አላቸው። ኮሚሽኑ በወር የ86 ሳንቲም ጭማሪ ሐሳብ አቅርቦ አንድ ክልል አልቀበልም ሲል፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በኦገስት 2021 ያ ክልል ያለ በቂ ምክንያት ሊያግድ አይችልም ብሎ ጭማሪው እንዲጸና አደረገ። ለ86 ሳንቲም እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት መሄዳቸው መዝጊያውን ማን ይያዝ የሚለውን ጥያቄ ምን ያህል በቁም ነገር እንደያዙት ያሳያል።

የእነሱን የቤተሰብ ክፍያ እንዳለ ወስደን እንትከለው ግን አልልም። በእኛ አገር የቤተሰብ መዝገብ ገና የተሟላ አይደለም። በገቢ ግብር ላይ ይጨመር ቢባል ደግሞ ሸክሙ የሚወድቀው ግብሩ እጁ ሳይገባ በሚቆረጥበት ደመወዝተኛ ላይ ነው፤ ይህን በየወሩ የደመወዝ መክፈያ ሳዘጋጅ አየዋለሁ፣ ሌላ መስመር ልጨምርበት አይቻለኝም።

ለእኛ የሚስማማው የስፔን መንገድ ይመስለኛል። ስፔን እ.ኤ.አ. በ2009 የሕዝብ ቴሌቪዥኗን ከማስታወቂያ አላቅቃ፣ የቴሌኮም ኩባንያዎች ከገቢያቸው 0.9 በመቶ፣ የግል ቴሌቪዥኖችም የራሳቸውን ድርሻ እንዲያዋጡ ደነገገች፤ በ2022 ደግሞ የቴሌኮሞቹን ድርሻ አንሥታ የስትሪሚንግ ድርጅቶች ራሳቸው እንዲከፍሉ አደረገች። የእኛ ተማሪ «በገዛ ካርዴ ነው የማየው» ስትል እውነቷን ነው፤ እየከፈለች ነው። በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ቪዲዮ ማየት ግማሽ ጊጋ ባይትና ከዚያ በላይ ይበላል። ዜናውን የሠራው ጋዜጠኛ ከዚያ ከከፈለችው ብር ምንም አይደርሰውም፤ ሁሉም በመንገዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ከዳታ ሽያጭ ገቢያቸው ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ድርሻ፣ እዚህ ማስታወቂያ እየሸጡ የሚያተርፉት የውጭ መድረኮችም እንዲሁ የየድርሻቸውን ቢያዋጡ፣ ብዙ የሚያይ ብዙ፣ ጥቂት የሚያይ ጥቂት ይከፍላል። ዳታ የማይገዙት አባቴ አይከፍሉም፤ በእሳቸው ዕድሜና ገቢ ይህ ተገቢ ነው። ኩባንያዎቹ ድርሻውን በደንበኛው ዋጋ ላይ ይጭኑት ይሆናል የሚለውን ተቃውሞ አልንቀውም። ቢጭኑት እንኳ በአንድ ብር ላይ ከአንድ ሳንቲም ያነሰ ነው፤ ከቆጣሪውም ከደመወዙም ይልቅ እንደ አቅም የተከፋፈለ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳይሟላ ክፍያው ሊጀመር አይገባም። ተማሪዋ በዚያው ምሽት፣ «ደግሞስ ብከፍል የሚያሳዩኝ የስብሰባ ዜና ነው» ብላኝ ነበር፤ አባባሏ የብዙ ሰው ነው። ገንዘቡን የሚያስከፍለው ሕግና የጣቢያውን ነጻነት የሚጠብቀው ሕግ አንድ ላይ፣ በአንድ አዋጅ ውስጥ መውጣት አለባቸው። ድርሻው በየዓመቱ በሰኔ የሚለመን መሆኑ ቀርቶ ለአምስት ዓመት የሚጸና ይሁን፤ መጠኑን የሚያሰላው ከመንግሥትም ከጣቢያውም ውጭ የሆነ የባለሙያዎች ኮሚሽን ይሁን፤ ገንዘቡም በግምጃ ቤት ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ጣቢያዎቹ ይግባ። ከተሰበሰበው ሢሶው ለክልልና ለአካባቢ ሬዲዮ ተለይቶ ካልተቀመጠ አዲስ አበባ ሁሉንም ትወስደዋለች፤ የመንዙን ውርጭ ዘግቦ የሚመለስ ሰው ያን ጊዜም አይገኝም።

ስለ ሒሳቡም እንዲሁ። በሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ሆኜ አራት ዓመት አገልግያለሁ። በዓመት አንድ ቀን የገባውንና የወጣውን ቆሜ አነባለሁ፤ የድንኳን እድሳት ሃምሳ ብር እንኳ ያለ ደረሰኝ ቢወጣ ከኋላ ተነሥተው የሚጠይቁኝ እናቶች አሉ። ያ ጥያቄ ነው እድሩን ያቆየው። የሕዝብ ጣቢያም የዓመቱን ሒሳብ ለዋና ኦዲተርና ለምክር ቤት ከማቅረቡ በላይ፣ በራሱ ሬዲዮ፣ ሰው በሚሰማበት ሰዓት፣ ለደመወዝ ስንት ወጣ፣ ለገጠር ዘገባ ስንት ወጣ፣ ለእንግዳ መስተንግዶ ስንት ወጣ እያለ ያንብበው።

ባለፈው ሳምንት መንዝ ወርጄ ይህንኑ ለአባቴ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና ወሩን መረጡልኝ። «ጥቅምት ላይ ይሁን» አሉኝ፤ «አጨዳው ሳይጀመር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ቁጭ ብሎ ይሰማል።» ሰኔ 30 የተዘጋ ሒሳብ እስከ ጥቅምት ተመርምሮ ለመነበብ በቂ ጊዜ እንዳለው በሙያዬ አረጋግጬላቸዋለሁ።